ሊቀ ሕሙማን ሷሊህ እና የአባቴ ፊኛ

በየትኛውም የገበያ ከተማ፣ ሐኪም ይኑር አይኑር፣ ከሐኪም ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተን ጥርስ ሲያማችሁ የእሱ ጥርስ ዱሮ ታሞ፣ ተነቅሎ፣ ተረስቷል። ወገባችሁን ይዛችሁ ብታልፉ «ይቺ ምን አላት! የኔን ወገብ ባየህ!» ይላችኋል። አንድ ቀን ሞቼ ብገኝ ከራስጌዬ ቆሞ «እኔማ ከዚህ የባሰ ሞቼ አውቃለሁ» ሳይል የሚቀር አይመስለኝም።

ጋይንት ውስጥ ላለችው ለእኛዋ አርብ ገበያ ከተማ የተሰጡን ጋሽ ሷሊህ ነበሩ። ሥራቸው ጨርቅና ጃንጥላ መሸጥ ነው፤ ሙያቸው ግን መታመም ነበር። ወባውን፣ ጨጓራውን፣ የኩላሊት ጠጠሩን ሁሉ በየተራ አስተናግደው ሸኝተዋል። እኔ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ስልክ እጠግናለሁ። ስልክ መጠገን ዓይንና እጅ ይፈልጋል እንጂ ጆሮ አይፈልግም፤ ስለዚህ ጆሮዬ ከሳቸው በር ላይ ካለው የእንጨት አግዳሚ ሲውል ውሎ ማታ ወደ ቤት ይገባ ነበር። ሌላው ሰው በትምህርት ቤት የተማረውን እኔ እዚያ አግዳሚ ላይ ነው የተማርሁት። «ሊቀ ሕሙማን» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ። ሲሰሙ ነጭ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «ሊቅነት የናንተ የቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» አሉና ጥቂት አስበው፣ «ግድ የለም፤ ቅዳሴ ካላስቆማችሁኝ እቀበላለሁ» አሉኝ።

ዘንድሮ ሱቁ ዝግ ነው። ጋሽ ሷሊህና ባለቤታቸው እትዬ ሩቅያ ባሕር ዳር ልጃቸው ዊዳድ ዘንድ ገብተዋል። አግዳሚው ብቻ ቀርቷል። ልጅ ሆኜ አባቴ አህያ እየነዳ ለገበያ ሲወርድ ከኋላው ተከትዬ መጥቼ የምቀመጠው እሱ ላይ ነበር፤ የአዲስ አቡጀዲ ሽታ ከሱቁ እየወጣ ያውደኝ ነበር። ዛሬ አርብ በመጣ ቁጥር ገበያተኛው ያልፋል፣ የሚጠራው የለም። ወንዱ ሁሉ ሽንቱን ይዞ፣ የሚጠይቀው አጥቶ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ይኸን የምለው ለቀልድ አይደለም። ከጋሽ ሷሊህ በሽታዎች ሁሉ ዘውዱ የፕሮስቴት ካንሰር ነበር። አዲስ አበባ ሄደው በጨረር ታክመው ከተመለሱ በኋላ ሌላውን በሽታ ሁሉ ናቁት። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ከወገቡ በታች ከታመመ «ብርድ መቶኝ ነው» ይላል። ሚስቱ ብትጠይቀው ብርድ ነው፤ ነርሷ ብትጠይቀው ብርድ ነው። በብርድ ሞተ የተባለው ወንድ ሁሉ እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ የጋይንት አየር እንዲህ ስሙ ባልጠፋ። ጋሽ ሷሊህ ግን የፊኛቸውን ታሪክ ከጨርቁ ጋር በሜትር ይሸጡት ነበር።

አንዲት ሴት መጥታ «ሜትሩ ስንት ነው?» ትላለች።

«ሜትሩን ተይው። ባልሽ ሌሊት ስንቴ ይነሳል?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ለሽንት ነው የምልሽ! ለሌላውማ እኔ ምን አገባኝ።»

ወደ መኝታ ቤቱ ምዕራፍ ሲደርሱ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሳቸው ዝቅ ሲያደርጉ ገበያው ጸጥ ይላል፤ ስለዚህ ከሁሉም ይልቅ የሚሰማው ይኸው ምዕራፍ ነበር። «ትንሽ ይቀዘቅዛል» ይሉ ነበር በሹክሹክታ። «ለሐኪሙ ንገረው፣ አትፈር፤ መድኃኒት አለው።» ከዚያ በጨርቅ መሸጫ ድምፃቸው፣ «ለሩቅያ ግን እንዳትነግርብኝ!» እትዬ ሩቅያ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው «ሰምቻለሁ!» ይላሉ።

አባቴ ንጉሴ ከጋሽ ሷሊህ ጋር እኩያ ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አህያውን የሚያስረው ከሱቃቸው ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ሰላምታቸው ስድብ ነበር። «አንተ ድንጋይ አራሽ፣ መጣህ?» ሲሉት «አንተ ጨርቅ ቀዳጅ፣ አልሞትህም?» ይላል። ታዲያ አንድ አርብ አባቴ ወደ ባሕር ዛፉ ሄዶ ቆይቶ ተመለሰ። ሳይቀመጥ እንደገና ሄደ። ሦስተኛውን ሲነሳ ጋሽ ሷሊህ በገበያው ድምፅ ጠሩት።

«ንጉሴ! ዛፉን እያጠጣኸው ነው ወይስ እየለመንኸው?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ዝም በል! ብርድ ነው።»

«ብርድ ነው እያልሁ እኔም ከርሜበታለሁ። ሂድና ታይ። ዛሬ ተቀየመኝ፣ ነገ ትመርቀኛለህ።»

ተቀየማቸው። ለሳምንታት አህያውን ሌላ ቦታ ሲያስር ከረመ። ግን ያንኑ ሰሞን ማንም ሳያየው ደብረ ታቦር ሄዶ ታየ። ደሙ ተመረመረ፣ ከዕጢው ቁራጭ ተወሰደ፣ የበሽታው ስምም ወጣ፤ ያው የጋሽ ሷሊህ በሽታ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጣው አርብ አህያውን ወደ ዱሮ ቦታዋ መለሳት። ሌላ ይቅርታ በመካከላቸው ሲደረግ አላየሁም።

«ጨረር ትገባለህ ብለውኛል» አለ አባቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ። «ያቃጥላል አሉ።»

ሊቀ ሕሙማን ይኸን ቀን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ተነሱ። «ተኛ» አሉት።

«የት?»

«እዚሁ! በጀርባህ!»

አባቴን አግዳሚው ላይ አስተኙት። ከሱቁ አንድ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ አውጥተው ዘረጉ፤ ዙሪያውን እየዞሩት ጃንጥላውን ከቀኙ፣ ከግራው፣ ከላዩ ያመላልሱት ጀመር። «ይኸ ማሽኑ ነው። ይዞራል፣ ያጉረመርማል፣ አይነካህም። በሩን ዘግተው ብቻህን ይተውሃል፤ ግን በካሜራ ያዩሃል፣ ስለዚህ አፍንጫህን እንዳትጎረጉር። እስትንፋስህን አትያዝ። አትነቃነቅ። አለቀ።»

«ያማል?»

«የሚያመው ሱሪህን ዝቅ አድርገህ ልጅህን በምታክል ሴት ፊት መተኛቱ ነው። ጨረሩስ መምጣቱንም መሄዱንም አታውቀውም።»

ሰው ተሰበሰበ። የታመመው አባቴ ሆኖ ሳለ ጥያቄው ከየአቅጣጫው ዘነበ። ፀጉር ይረግፍ እንደሆነ አንዱ ጠየቀ። ጋሽ ሷሊህ ኮፍያቸውን አንሥተው መላጣቸውን አሳዩት። «ይኸ በሩቅያ ነው የረገፈው። ጨረሩ ወደ ታች ነው የሚተኮሰው።» የልጅ ልጅ መታቀፍስ? «ጨረሩ አልፎህ ይሄዳል እንጂ አንተ ጋ አያድርም፤ እቀፍ!» ሰንበትስ? «ማሽኑ ቅዳሜንም እሑድንም ያከብራል፤ ከናንተ ቄሶች አይተናነስም። የኛን ጁምዓ ብቻ ነው የረሳው።»

ከዚያ ጃንጥላውን አጥፈው፣ ዋናውን ቃል በጃንጥላው ጫፍ የአባቴን እምብርት እየጠቆሙ ተናገሩ። «አሁን ስማኝ። ከመግባትህ በፊት ውሃ ትጠጣለህ። ፊኛህ እንደ ጎተራ ነው፤ ሲሞላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከጨረሩ መንገድም ገለል ይላል። ባዶ ሲሆን ይዘረፈጥና በጨረሩ መንገድ ላይ ይተኛል፤ ያኔ ነው የምትቃጠል። አንጀትህ ደግሞ ባዶ ይሁን፤ ባቄላና ሽምብራ ተው፣ ይነፋሃል። የምልህ አንድ ነገር ነው፤ ሙላ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሙላ!» የአግዳሚው ሰላምታ ሆነ።

የአባቴ ተራ የደረሰው አምና በሁዳዴ ነው። አዲስ አበባ ከሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን እኔና እሱ ገባን። መጀመሪያ በትልቁ ማሽን ውስጡን አነሡት፤ ከዚያ ቆዳው ላይ ትንንሽ ነጥቦች አኖሩበት። «እንደ ኮረዳ ነቀሱኝ» ብሎ እስከ ማታ አኮረፈ። ጋሽ ሷሊህ «ትንኝ ያረፈችበት ያህል ነው» ብለው ነግረውት ነበር፤ ትንኝ መሆኗን አይቶ ተጽናና። ማሽኑ ዞረ፣ አጉረመረመ፣ አልነካውም። ሁሉም ልክ እንደ ጃንጥላው ሆነ።

የጠፋው ውሃው ነው።

አባቴ በሁዳዴ ከቅዳሴ መውጫ በፊት፣ ማለትም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት፣ እህልም ውሃም በአፉ ዞሮ አያውቅም። ቀጠሮው ደግሞ ጠዋት ነበር። ማሽኑን የምታሠራው ምሥራቅ የምትባል ትሕትና ያላት ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ከክፍሉ ወጥታ፣ «አባባ፣ ፊኛዎ ባዶ ነው። ውሃ ጠጥተው ነበር?» አለችው።

«ጠጥቻለሁ» አለ አባቴ፣ ከንፈሩ እንደ መጋቢት ማሳ ተሰነጣጥቆ።

ምስሉን አሳየችው። «ይኸው፣ ይዩት እስቲ።»

አባቴ ምስሉን አየና ወደ እኔ ዞረ። «ውሸት ፎቶ የሚነሳበት ዘመን ደረስን» አለ።

ለንስሐ አባታችን ለአባ ፊልጶስ ደወልሁ። «ልጄ ንጉሴ» አሉት በስልክ፣ «ለታመመ ተፈቅዷል። ውሃው መድኃኒትህ ነው፤ ጠጣ። እግዚአብሔር ይፍታህ።» አባቴ ስልኩን ተሳልሞ «እሺ አባቴ» አለ። በማግስቱ ጠዋት ጠርሙሱን ይዞ ተቀመጠ፣ ክዳኑን እያሽከረከረ። አልጠጣም።

«አባዬ፣ ተፈቅዶልህ የለም ወይ?»

«አባ ፊልጶስ ፈቅደዋል። ጉሮሮዬ ነው ያልፈቀደ።» በኮሪደሩ ላይ የተደረደረውን ሰው በአገጩ አሳየኝ። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ አባቴን የሚመስሉ ሽማግሌዎች። «ይኸ ሁሉ ጾመኛ እያየኝ እኔ ብቻዬን በጠዋት ውሃ ልገለብጥ? በዚህ ዕድሜዬ?» ከዚያ ጠርሙሱን መለሰልኝ። «ትኬት ቁረጥልኝ። ወደ በሬዎቼ ልሂድ። ያየሁት ይበቃኛል።»

ምሥራቅ ለብቻዬ ወስዳ፣ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ መቋረጥ እንደማይወድ ነገረችኝ። ካቋረጠው ያ ሁሉ ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል፤ በሽታውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አባቴን አውቀዋለሁ። ጋይንት ከገባ በሬ ፈትቶ ወደ አዲስ አበባ አይመለስም። የሚቀጥለው የምንሄድበት መንገድ የቤተ ክርስቲያኑ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ለጋሽ ሷሊህ ደወልሁ። ረመዳን በገባ ሰሞን ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሊቀ ሕሙማን ስለ ራሳቸው በሽታ አንድም ነገር ሳያነሱ፣ «ትኬቱን እንዳትቆርጥለት» ብለው ዘጉት።

መንገዱ ክፍት ነበርና በማግስቱ ማታ ገቡ። ሲነጋ ኮሪደሩ ላይ፣ ጥቁሩን ጃንጥላ ይዘው፣ አባቴ ጎን ዘፍ አሉ።

«አንተ ድንጋይ አራሽ፣ ልትጠፋ ነው አሉ?»

«አንተ ጨርቅ ቀዳጅ፣ ማን ጠራህ?»

«የራሴ ጉዳይ አለኝ» አሉና ከከረጢታቸው ሁለት ትልልቅ የውሃ ጠርሙስ አወጡ። አንዱን አባቴ ጭን ላይ አኖሩ። አንዱን ከፈቱ።

አባቴ ደነገጠ። «ረመዳን አይደለም እንዴ?»

«መንገደኛ ነኝ። ለመንገደኛ ተፈቅዷል። አንተም በሽተኛ ነህ፣ ለበሽተኛ ተፈቅዷል። ሁለታችንም ሕጋዊ ነን።»

«ቢስሚላህ» ብለው ያንን ውሃ አንቆረቆሩት። የጉሮሯቸው ድምፅ እስከ ካርድ ክፍሉ ይሰማል። ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ ተመለከተ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰው ሁሉ ያየው እሳቸውን ነበር፤ ነጭ ኮፍያ ደፍቶ በረመዳን ጠዋት ውሃ የሚጠጣውን ሽማግሌ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። አባቴን ያየው አልነበረም። አባቴ ይኸን አስተዋለ፤ አማተበና ክዳኑን ከፈተ።

«ሙላ!» አሉት ጋሽ ሷሊህ፣ ጢማቸውን እየጠረጉ።

ያን ቀን ምሥራቅ ምስሉን አይታ አጨበጨበች።

ጋሽ ሷሊህ ሕክምናው እስኪያልቅ አልሄዱም። የራሳቸው ጉዳይ ምን እንደሆነም አልተናገሩም። ያቺን ክፍል ዛሬ ሳስባት ልቤ ይሞቃል። ከእኩለ ቀን በኋላ የምትገባዋ የፀሐይ ፍንጣቂ፣ በጋሽ ሷሊህ ትእዛዝ የሚቀቀለው ድንችና ሩዝ፣ «በሁዳዴ ሽሮ ትቼ ምን ልብላ፣ ጨርቅህን?» የሚለው የአባቴ እሮሮ። ከሁሉም የማልረሳው የጠዋቱን ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ፊኛቸውን ጢም አድርገው ሞልተው፣ ተራ እየጠበቁ፣ እግር እያነሱ እግር ሲጥሉ። አባቴስ ይሁን፤ ጋሽ ሷሊህን ግን ምን ያስይዛቸዋል? ሽንት ቤቱ አጠገባቸው ነው።

«ጋሽ ሷሊህ፣ እርስዎ ይሂዱ እንጂ!»

«እሱ ሳይሸና እኔ ልሽና? ነውር አይደለም?»

ወደ መጨረሻው ጨረሩ ራሱን ማሳየት ጀመረ። አባቴ ሲሸና ያቃጥለው ጀመር፤ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፤ ሆዱ ይፈታል፤ በቀትር እንቅልፍ ይጥለዋል። ከጨረሩ ጋር ሆርሞኑን ለማድከም ከሚወጋው መርፌ የተነሣም በብርድ ቀን ያልበዋል። በእያንዳንዱ ሊደነግጥ ሲል ጋሽ ሷሊህ ቀድመውት፣ «መጣች? እሷን ስጠብቃት ነበር። ለምሥራቅ ንገራት፤ መድኃኒት ይሰጡሃል። ጨረሩ ካለቀ በኋላም ትንሽ ትቆይና እየቀነሰች ትሄዳለች» ይሉታል። ሲያልበው በጃንጥላው ያራግቡለታል። ላቡን እየጠረገ፣ «አሁን ገባኝ የእመቤት ነገር» አለ አንድ ቀን፤ እመቤት እናቴ ናት። «በዚያ ዕድሜዋ ለምን መስኮት ክፈቱ እንደምትል።»

አለቀ። ተመለስን። ደሙ ሲታይ ቁጥሩ ወርዶ ተገኘ፤ ለክትትል በየጊዜው ይሄዳል።

እኔ ደግሞ ወሬው እስኪወጣ ቸኮልሁ። ጋሽ ሷሊህ የውሃውን ታሪክ እስከ ንፋስ መውጫ እንደሚያዳርሱት አልተጠራጠርሁም። ደግሞም አወሩ፤ ነጥቡን አወሩ፣ የሆድ መነፋቱን አወሩ፣ ላቡን አወሩ፣ አባቴ ሱሪውን ይዞ ከምሥራቅ ጋር ሲከራከር ሳይቀር በትወና አሳዩ። ውሃው ላይ ሲደርሱ ግን፣ «ንጉሴማ ያዘዙትን ሁሉ ፈጸመ፤ ወንድ ነው» ብለው ያልፉታል። የገዛ ሽንታቸውን በሜትር የሚሸጡ ሰው አንዲት ጠርሙስ ውሃ አፋቸው ውስጥ ቀረች። አልገባኝም ነበር።

የገባኝ በፍልሰታ ነው። በፍልሰታ ከተማው ሁሉ ጾመኛ ስለሚሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚበላ ሰው ብዙም አይታይም። አንድ ቀን ከጾሙ መፍቻ በኋላ ሻይ ይዤ ተሻገርሁ።

«ጋሽ ሷሊህ፣ ሻይ።»

«ተወኝ፤ ጨጓራዬን ይዞኛል።»

በማግስቱም ጨጓራ። በሦስተኛውም። እትዬ ሩቅያ ከመጋረጃው ጀርባ ወጡ። «ጨጓራ! የምን ጨጓራ! የረመዳኑን እየመለሰ ነው እንጂ። ከአባትህ ጋር ውሃ የጠጣበትን። ለመንገደኛ ሲፈቀድ በዚያው የሚቀር መሰለህ? ቀን በቀን ነው የሚመለስ። ማንም እንዳያስተውለው ብሎ ከናንተ ጾም ውስጥ ተደበቀ።»

«ሩቅያ!» አሉ ጋሽ ሷሊህ፣ ጨርቅ እያጠፉ፣ ጆሯቸው ቀልቶ። «ሜትሩን ስጪኝ።»

ሜትሩ አንገታቸው ላይ ነበር።

አርብ ደረሰ። ዝናቡ ቆም ባለበት አባቴ መጣ፣ አህያውን አሰረ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ተሰዳደቡ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። እኔ የሰማሁትን ለአባቴ አልነገርሁትም፤ ወሬ አዋቂ ብሆንም ይቺ የእኔ አልነበረችም። ምንም እንዳልሰማ ሰው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዤ ሄድሁ። ጋሽ ሷሊህ «ጨጓራዬን ይዞኛል» ብለው አንዱን መለሱት።

«አባዬ፣ ሻይ።»

አባቴ ሻዩን አየ። ጋሽ ሷሊህን አየ። «ጨጓራዬን ይዞኛል» አለ።

ጋሽ ሷሊህ ቀና አሉ። «አንተ ጨጓራ የለህም።»

«ካንተ ያዘኝ።»

ሁለቱም ወደ ገበያው ዞሩ። ሰዉ ዕቃውን እየጠቀለለ ነው፤ አህዮች ወደ ዳገቱ እየዞሩ ነው። እኔ በሁለት እጄ ሁለት ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ። ሻዮቹን መሬት ላይ አኖርኋቸውና ከመካከላቸው ገባሁ፤ እኔንም ጨጓራዬን ያዝ ያደረገኝ መሰለኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ዝንብ ገባበት። ፀሐይ ወደ ገደሉ ማዶ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ከመስጊዱ ተሰማ።

ጋሽ ሷሊህ ከአግዳሚው ሥር ያንን ትልቅ ጠርሙስ አወጡ። «ቢስሚላህ» አሉ፣ ጠጡ፣ ለአባቴ አሳለፉት። አባቴ አማተበ፣ ረጅም ጠጣ፣ አፉን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ ጠርሙሱን ደረቴ ላይ አስደግፎ፣ ልክ እንደ ጨርቅ ቀዳጁ አድርጎ፣

«ሙላ!» አለኝ።